ዩሪያ ጨው አይደለም፤ የትልልቅ ፋብሪካ ኬሚካሎች በሐሙሲት ገበሬ ቤት

ሐሙሲት፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወረታ ሳይደረስ የምትገኘው ሐሙሲት ከደራ ወረዳ የገበያ ከተሞች አንዷ ናት። ከከተማዋ በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ውስጥ ባለፈው ነሐሴ ወር አንድ የእርሻ በሬ በአንድ ሌሊት ሞቶ አደረ። በሬው አልታመመም፤ እባብ አልነደፈውም፤ ገደልም አልገባም። ማታ ከእርሻ ተመልሶ ደጃፍ ላይ እንደታሰረ፣ ለሩዙ ሁለተኛ ዙር ማዳበሪያ ተብሎ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠውን የዩሪያ ጆንያ በቀንዱ ቀዶ ይልስ ጀመር። የቤቱ ልጅ አይቶታል። ግን አልከለከለውም።

«ምነው ዝም አልከው?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ የሰጠው መልስ ይህን ጸሐፊ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረዋል። «ዩሪያ ለከብት ጥሩ ነው ሲባል በጥር ወር ስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ» አለ። በጥር ወር ስብሰባ ላይ ይህን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

የተናገርኩት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ የጎደለ ነበር እንጂ። የፎገራ ሜዳ ገበሬ ሩዙን ካጨደና ከወቃ በኋላ ብዙ የሩዝ ጭድ ይተርፈዋል። ጭዱ ደረቅና ሸካራ በመሆኑ ከብቱ ሆዱን ይሞላበታል እንጂ ሥጋና ወተት አያወጣበትም። ለዚህ የሚረዳው ዘዴ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር በሚደርስ ውኃ ውስጥ በደንብ አሟምቶ በ100 ኪሎ ግራም ጭድ ላይ እኩል መርጨት፣ ከዚያም በጉድጓድ ወይም በፕላስቲክ ጠቅጥቆ አየር እንዳያገኘው አድርጎ ለሦስት ሳምንት ያህል መዝጋት ነው። ሲከፈት ቢያንስ አንድ ቀን ይናፈሳል፤ በመጀመሪያም ለከብቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይሰጣል፤ ለጥጃ ግን አይሰጥም። በስብሰባው ላይ ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረድቼ አጨብጭበውልኝ ወጣሁ። ሳይሟሟና ሳይመጠን የተላሰ ዩሪያ መርዝ መሆኑን፣ የተሟሟበት በርሜልም ከብት በማይደርስበት ቦታ መከደን እንዳለበት አልነገርኳቸውም። ከዝርዝሩ ሁሉ መጀመሪያ መነገር የነበረበት ይኸው ነበር።

በሬው ምን ሆኖ እንደሞተ በአጭሩ እንዲህ ነው። በከብት ትልቁ ሆድ ውስጥ ያሉት ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት ዩሪያን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያው ጥቂት በጥቂት ሲመጣ ሰውነት የሚገነባ ፕሮቲን ይሠሩበታል፤ በዚህ ጊዜ ዩሪያ በእርግጥ ምግብ ነው። በአንድ ጊዜ በብዛት ሲመጣ ግን ነፍሳቱ ሊጨርሱት ስለማይችሉ አሞኒያው በደም ውስጥ ይገባል። ከብቱ አረፋ ይደፍቃል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እየተንገዳገደ ይወድቃል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ከብቱ ገና ቆሞ መዋጥ ሲችል ከተደረሰበት፣ ለአንድ ትልቅ በሬ ከ2 እስከ 6 ሊትር አቼቶ ከብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ማጠጣት ሊያተርፈው ይችላል። አቼቶው አሲድ በመሆኑ የአሞኒያውን ጉልበት ይሰብራል፤ ቀዝቃዛው ውኃም የነፍሳቱን ሥራ ያዘገያል። የወደቀን ከብት ግን ማጠጣት ወደ ሳንባው ማፍሰስ ስለሚሆን ለእንስሳት ሐኪም መተው ይገባል። እርግጥ ነው፣ በየትኛው የመንደር ቤት ነው 6 ሊትር አቼቶ የሚገኘው? ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ጆንያውን ከከብቱ ማራቅ ነው።

የበሬው ባለቤት በደራና በፎገራ ሩዝ ሲጀመር ወጣት የነበሩ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ ሩዙ በደራው የጅግናና በፎገራው የሻጋ አምራች ማኅበራት ሲዘራ አይተዋል። ዛሬም በሰፊው የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። እኝህ ሰው ልሄድ ስነሣ እጄን ይዘው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ተው እንጂ ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ። ለሩዙ ምግብ ነው አላችሁ፤ ለጭዱ መድኃኒት ነው አላችሁ፤ ይኸው ለበሬዬ መርዝ ሆነ። ይህ ነጭ ነገር ከምን ነው የሚሠራው? ጨው ነው? ድንጋይ ነው?»

«አያ፣ ከአየር ነው የሚሠራው» አልኳቸው። እየቀለድኩባቸው መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። ይህ ጽሑፍ ያኔ በደጃፋቸው ቆሜ አሟልቼ ያልመለስኩት መልስ ነው።

የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ ነው። በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ከምድር እስከ ላይኛው ሰማይ ያለው አየር ቢመዘን በውስጡ ከ70,000 ቶን የሚበልጥ ናይትሮጅን ይገኝበታል። ሩዝም ሆነ ጤፍ ያለ ናይትሮጅን ቅጠል አያወጣም፤ ሆኖም ከዚህ ሁሉ ሀብት መካከል ቆሞ ይራባል። ምክንያቱም በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ጠብቆ የተቆራኘ ስለሆነ ሥሩም ቅጠሉም ሊፈታው አይችልም። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት ሰው እንደማለት ነው።

ቁልፉን የያዙ ጥቂት ፍጥረታት አሉ። ገበሬው ሩዙን ካነሣ በኋላ በቀሪው እርጥበት የሚዘራው ጓያና ሽምብራ በሥራቸው ላይ ትንንሽ እብጠቶች ያበቅላሉ፤ በእነዚያ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን እየፈቱ ለተክሉ ይመግቡታል። ተነቅሎ ሥሩ ታጥቦ ቢታይ እብጠቱ በዓይን ይለያል። አባቶቻችን የጓያ ማሳ ለሚቀጥለው እህል እንደሚበጅ ያወቁት በልምድ ነው። መብረቅም ጥቂት ይፈታል። ከዚህ ውጭ የሰው ልጅ ቁልፉን ያገኘው ከመቶ አሥር ዓመታት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ፍሪትዝ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳየ። ካርል ቦሽ የተባለው መሐንዲስ ደግሞ ዘዴውን ወደ ፋብሪካ አሸጋገረውና በ1913 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ኦፓው በተባለ ቦታ የመጀመሪያው ታላቅ የአሞኒያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በፋብሪካው ውስጥ ሁለቱ ጋዞች ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እየጋሉ፣ ከከባድ መኪና ጎማ ግፊት 20 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል እየተጨመቁ፣ ከብረት በተሠራ አቀጣጣይ ላይ እንዲያልፉ ይደረጋል። ናይትሮጅኑ ከአየር ይወሰዳል። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ይወጣል። የተገኘው አሞኒያ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እንደገና በሙቀትና በግፊት ሲዋሐድ ዩሪያ ይሆናል፤ ከዚያም እንደ በረዶ ፍሬ እየተንከባለለ ይደርቃል። በጆንያው ውስጥ ያለው ነጭ ፍሬ ይኸው ነው። ከ100 ኪሎ ግራም ዩሪያ 46ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ 23 ኪሎ ግራም ይይዛል ማለት ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ በዓመት ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ አሞኒያ ይመረታል፤ አብዛኛውም ለማዳበሪያ ይውላል። ዓለም ከሚጠቀምበት ኃይል ከመቶ አንድ እስከ ሁለት የሚሆነውን የሚበላው ይህ አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው እህል ያለዚህ ማዳበሪያ አይገኝም ነበር ሲሉ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በ2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲጀመር የጋዝ ዋጋ ናረ፤ በአውሮፓም የአሞኒያ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ቀነሱ። በዚያው ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ በኛም አገር የገበሬውን ወገብ ያጎበጠው ለዚህ ነው። ገበሬው በማያውቀው አገር የሚወጣ ጋዝ በሐሙሲት የጆንያውን ዋጋ ይወስናል። ዋጋው ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ማዳበሪያው በወቅቱ ባለመድረሱ ገበሬዎች አደባባይ ወጥተው ብሶታቸውን ማሰማታቸው የሚታወስ ነው። ዘር ይቆያል፤ ክረምት ግን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ጆንያ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ገበሬው ቀድሞ ዳፕ እያለ ይወስደው የነበረውን ማዳበሪያ ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኤን ፒ ኤስ የተባለው ተክቶት ነበር። በውስጡ 19 ከመቶ ናይትሮጅን፣ 38 ከመቶ በፎስፌት መልክ የሚለካ ፎስፈረስ፣ 7 ከመቶ ደግሞ ድኝ ይገኝበታል። ለውጡ የመጣው በመላ አገሪቱ በተካሄደ የአፈር ጥናት በብዙ ማሳዎች ላይ ድኝ እንደጎደለ በመታወቁ ነው። ድኝ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን ለእከክ መድኃኒትና ለባሩድ ያውቁታል። ለእህልም እንደሚያስፈልግ ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ፎስፈረሱ የሚገኘው ከድንጋይ ነው። አገራችን ብዙውን ኤን ፒ ኤስ የገዛችው በዚህ ድንጋይ ከታወቀችው ከሞሮኮ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ እንዳለ ቢበተን በውኃ ስለማይሟሟ ሥሩ አይስበውም። የሚያሟሟው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በዓለም ላይ በብዛት ከሚመረቱት የፋብሪካ ኬሚካሎች ሁሉ ቀዳሚው ሲሆን በዓመት ከ200 ሚሊዮን ቶን በላይ ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚሄደው ለፎስፌት ማዳበሪያ ነው። አሠራሩም ድኝ አቃጥሎ ጭሱን ከተጨማሪ ኦክሲጅን ጋር ማዋሐድና በውኃ መያዝ ነው። ድኙ ራሱ በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የሚገኘው ነዳጅና ጋዝ ሲጣራ ተለይቶ ከሚወጣው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ጆንያዎች ከነዳጅ ጉድጓድ ጋር ዝምድና አላቸው።

ሐሙስ ዕለት ገበያውን ስዘዋወር ይህን ዝምድና በየመደቡ ላይ አየሁት። ባትሪ በሚሞላበት ሱቅ ውስጥ ያለው የባትሪ አሲድ ያው ሰልፈሪክ አሲድ በውኃ የቀጠነ ነው። ባለ ሱቁ ወጣት አሲዱን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። ውኃ የጠማው ልጅ ቢያነሣው ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቀው «ሁሉም ያውቀዋል» አለኝ። የዩሪያውንም ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነበር እኔ። ጠርሙሱን እዚያው አስቀየርኩት። አሲድ ማቅጠን ያስፈለገው ሰው ደግሞ አሲዱን ወደ ውኃው ጥቂት በጥቂት ያፈሳል እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አያፈስም፤ አለዚያ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ከሱቁ አጠገብ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙናና በረኪና ይሸጣል። እነዚህ ደግሞ የገበታ ጨው ልጆች ናቸው። የጨው ውኃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል በአንድ ወገን ክሎሪን፣ በሌላው ወገን ኮስቲክ ሶዳ ይወጣል። ኮስቲክ ሶዳው ከዘይት ወይም ከሞራ ጋር ሲፈላ ሳሙና ይሆናል፤ የጥጥ ጨርቅ በሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ድሩን ለማጽዳት ይሠራበታል። ክሎሪኑና ኮስቲክ ሶዳው መልሰው ሲገናኙ የሚወጣው በረኪና ነው። ቀድሞ «ውኃ አጋር» በሚል ስም በየሱቁ ይሸጥ የነበረው የመጠጥ ውኃ ማከሚያም ከዚሁ የበረኪና ዘር የሆነ፣ በልክ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። የገጠሯ እናት ከዚህ ሁሉ በፊት በእንዶድ ታጥብ ነበር። በዓድዋ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ እንዶዱ የብልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. የደረሱበት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የጣና ዳር ሰው ብልሃርዚያን ስለሚያውቀው ይህን ማስታወስ አይከፋም።

በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ወይም ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር መቀላቀል አይገባም። የሚወጣው ጭስ ራሱ ክሎሪን ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. በአውሮፓው ጦርነት ላይ ወታደሮች የታፈኑበት ይኸው ጋዝ ነበር፤ በጦር ሜዳ እንዲለቀቅ ያደራጀውም ከላይ የተጠቀሰው የአሞኒያው ሰው ሃበር መሆኑ የሚገርም ነው። ድኝና ክሎሪን ተዋሕደው የሚሠራውን የመርዝ ጋዝ ደግሞ የኛ አባቶች በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን አውሮፕላን ሲዘንብባቸው ቀምሰውታል። በቤታችን ነጠላ የሚያነጣውና ውኃ የሚያጠራው ነገር የቅርብ ዘመዱ ነው።

ክሎሪን ገበሬውን የሚያገኝበት ሌላም በር አለ። ለሰፋፊ ቅጠል አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚሠራው በክሎሪን ነው። ሩዝና ጤፍን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ስለሚገድል ገበሬው ይወደዋል። ነገር ግን ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ የጎረቤትን ቲማቲምና በርበሬ ያጨማድዳል፤ በዚህ የተነሣ የሚፈጠረውን ጠብ ሽማግሌዎች ሲዳኙት አይቻለሁ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ መርጨት ሽምግልናውን ያስቀራል። ባዶ ጠርሙሱን ለዘይት ወይም ለጠላ መያዣ ማድረግን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ስለተባለ አልደግመውም፤ ይሁን እንጂ በዚያው ሐሙስ በገበያው ላይ የታጠበ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ሲሸጥ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዩሪያው ልመለስ፤ ምክንያቱም ከበሬው ሞት የሚበልጥ ኪሳራ በማሳው ላይ በየዓመቱ ይደርሳል። ኪሳራው ድምፅ ስለሌለው ግን የሚያለቅስለት የለም።

የፎገራና የደራ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ውኃ ይተኛበታል። ገበሬው ዩሪያውን በእጁ ዘግኖ በዚህ በተኛው ውኃ ላይ ይበትናል። ዩሪያው በውኃው ውስጥ ሟሙቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጥና ፀሐይ ሲያገኘው ወደ አየር ይተናል። ከማሳው ላይ ቆረንጭ ያለ ሽታ ከመጣ የሚሸተው ገንዘብ ነው። ከተረፈው ከፊሉ አየር ባጣው አፈር ውስጥ ነፍሳት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል፤ ይኸውም ያ ሁሉ እሳትና ጋዝ የወጣበት ነገር ወደ መጣበት አየር ይመለሳል ማለት ነው። ከፊሉን ጎርፍ ይወስደዋል። በዓለም ላይ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎች እንደታየው በውኃ በተያዘ ማሳ ላይ እንዲህ ከተበተነ ዩሪያ ሩዙ የሚያገኘው ከሦስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው።

ለበሬው ባለቤት በጆንያ ቆጠርኩላቸው። «አያ፣ ከሦስት ጆንያ ሁለቱ ሩዙ አፍ አይገባም» አልኳቸው። «እና ማን በላው?» አሉ።

ከበሉት አንዱ በጣና ዳር ይታያል። ርብና ጉማራ ከሜዳው የሰበሰቡትን ይዘው የሚገቡት ጣና ውስጥ ነው። በሐይቁ ላይ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የታወቀው የእምቦጭ አረም በብዛት የወረረው በዚሁ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ነው። አረሙ እንዲህ የሚፋፋው በውኃው ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚያገኝ ነው፤ ይህም ከእርሻ ማሳ ታጥቦ ከሚወርደው፣ ከአፈሩና ከከተሞች ከሚወጣው ቆሻሻ የሚመጣ ነው። የሐይቁ ዳር ገበሬ በክረምት ዩሪያ በትኖ በበጋ ደግሞ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭ ሲነቅል መዋሉን ሳስብ፣ ለአንዱ ጆንያ ሁለት ጊዜ የከፈለ ይመስለኛል። የእምቦጩ ጥፋት ሁሉ የገበሬው ነው ማለቴ አይደለም።

ኪሳራውን ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሚቻልበት ማሳ ላይ ውኃውን በቦይ አፍስሶ ዩሪያውን በረጠበው አፈር ላይ መስጠትና ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ፣ ከዚያ ውኃውን መመለስ አንዱ ዘዴ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ሩዙ ሲያጎነቁልና ዛላ ሊቋጥር ሲል ከፋፍሎ መስጠት ሌላው ነው። ከባድ ዝናብ ሊመጣ ባጉረመረመበት ሰዓት አለመበተን ሦስተኛው ነው፤ ይኸኛው በነሐሴ እንዴት እንደሚሆን ገበሬው ከኔ የተሻለ ያውቃል። በባንግላዴሽ ሩዝ አምራቾች ዩሪያውን በትልቅ ፍሬ አስጠፍጥፈው በአራት ችግኝ መካከል በጣት ጥልቀት ይቀብሩታል፤ ድካሙ ብዙ ነው፣ የሚተርፈው ዩሪያም ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ ኩበት ሆኖ ምድጃ የሚገባው የከብት እበት ናይትሮጅኑ በጭስ ይወጣል። ማገዶ የሌለውን ሰው ኩበት አታቃጥል ማለት ግን ቀላል ነገር አይደለምና በዚህ ላይ ብዙ አልገፋም።

እነዚህን ነገሮች በአገር ውስጥ ማምረት አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ጥቂቱ ይመረታል። በአዳማ አካባቢ በአዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ሰልፈሪክ አሲድና የከተሞች የመጠጥ ውኃ የሚጣራበትን አሉሚኒየም ሰልፌት ለማምረት የተቋቋመ ነው። ከአቢያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲወጣ፣ በባቱም ከዚሁ ሶዳ አሽ ኮስቲክ ሶዳ የሚያመርት ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቷል። ማዳበሪያው ግን በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮግራም ለገበሬ ማከፋፈል ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ከውጭ የሚገባ ነው። በኢሉባቦር በያዩ በድንጋይ ከሰል ዩሪያ ሊያመርት የተጀመረው ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል በጎዴ፣ ከአካባቢው የተፈጥሮ ጋዝ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመገንባት ተፈራርመዋል። የያዩን ያየ ሰው ጆንያው ሐሙሲት ደርሶ እስኪያይ ድረስ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

በጥሩ ስብሰባ ላይ የጭድ አዘገጃጀቱን ለመሞከር የተመዘገቡት አባወራዎች 14 ነበሩ። ከበሬው ሞት በኋላ የጎደለውን ቃሌን ለመሙላት በየቤታቸው መዞር ጀመርኩ። በአንዱ ቤት ዩሪያው ከጨው ቅል ጋር በአንድ መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሌላው ቤት እማማ የጆንያውን አፍ ሰፍተው ከቆጡ ላይ ሰቅለውታል፤ ማን እንደነገራቸው ስጠይቅ «ሽታው ነገረኝ» አሉ። የበሬው ባለቤት በሬ ከጎረቤት ተውሰው ጤፋቸውን ዘርተዋል፤ የተቀደደውን ጆንያ ግን እስካሁን አልሰፉትም፤ ከነቀዳዳው አልጋቸው ሥር አስገብተውታል። 13 ቤት ደርሻለሁ። የቀረው አንዱ ከጉማራ ማዶ ነው፤ ወንዙ እስኪጎድል መልእክቱን ሐሙስ ሐሙስ ገበያ በምትመጣው ልጃቸው በኩል ልኬያለሁ፤ መድረሱን ግን ገና አላረጋገጥኩም።